ዘፈኑ ያንቺ ነው፤ የእህትሽ ድምፅ ግን የእህትሽ ነው

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ሃያ ስምንት ዓመቴ ነው። ቀን ቀን አስተምራለሁ። ማታ ማታ ደግሞ ሁለት ዓመት ሙሉ አልበም ስሠራ ቆየሁ። ሁሉም የተቀረጸው መኝታ ክፍሌ ውስጥ ነው። አንድ ማይክ፣ አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ አሮጌ ኪቦርድ ነው ያለኝ። ማሲንቆ የተጫወተልኝ የድሮ ሰፈሬ ልጅ ነው። ዘጠኝ ዘፈን አለው። በ2016 ሰፈራችን ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ ጎረቤቱ እንዴት እንደተበተነ፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ጦርነቱ፣ አረብ አገር ስላለችው እህቴ ነው የዘፈንኩት። አንድ ባለስቱዲዮ ሰማውና ‹ይሄ ዴሞ ነው፤ እንደገና ካልተሠራ ማንም አይሰማውም› አለኝ። ሁለቱን ‹የፖለቲካ› ዘፈኖች ካወጣሁ ስፖንሰር እንደሚያገኝልኝም ነግሮኛል። እማዬ ታላቅ ወንድሟን በቀይ ሽብር ያጣች ናት። ‹ልጄ፣ አፍሽን ሰብስቢ› ትለኛለች። ጓደኞቼ ደግሞ በሌላ ስም ልቀቂው ይላሉ። ግራ ገባኝ። ሦስቱን ዘፈኖች ልኬልዎታለሁ፤ እውነቱን ይንገሩኝ።»
ተ. ከጀሞ

እህቴ ተ.፣ እንደምን ነሽ? ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ዘፈኖቹን ግን ሦስት ጊዜ ሰማኋቸው። መጀመሪያ በጆሮ ማዳመጫ፣ በሬን ዘግቼ። ቀጥሎ ወጥ ቤት ቆሜ፣ በስልኬ ስፒከር። በመጨረሻ ከሜክሲኮ ወደ ሳሪስ ስሄድ ታክሲ ውስጥ፣ ረዳቱ እየተጣራ። አብዛኛው ሰው የሚሰማሽ በዚህ በኋለኛው ዓይነት ስለሆነ ነው።

መልሴን ከፊት ላስቀምጥልሽ። አልበሙን ስቱዲዮ ገብተሽ እንደገና አትሥሪው። ለስፖንሰር ብለሽም ሁለቱን ዘፈኖች አታውጪ። ነገር ግን ከላክሽልኝ ውስጥ አንዱ ዘፈን እንዳለ መለቀቅ የለበትም። እሱም ባለስቱዲዮው የጠቆመሽ አይደለም፤ እናትሽ የፈሩትም አይደለም። ቆይቼ እመጣበታለሁ።

«ዴሞ ነው» የሚለውን እናንሳ። ስለ እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ መቼም ሰምተሻል። ፒያኖ ተጫዋቿ መነኩሴ። በመጋቢት 2015 ኢየሩሳሌም ውስጥ በ99 ዓመታቸው ሲያርፉ ብዙው ሰው የሚያውቃቸው በፒያኖ ብቻ ነበር። በ2016 ግን በድምፃቸው ያዜሙባቸው ቅጂዎች በአልበም ወጡ። በደርግ ዘመን፣ አዲስ አበባ፣ በቤተሰባቸው ቤት፣ ራሳቸው ፒያኖ እየተጫወቱ በተራ ካሴት መቅጃ ያስቀሯቸው ናቸው። የሚያዜሙት ከአገር መለየትን፣ ናፍቆትን፣ ሐዘንን ነው። የድምፅ ባለሙያ አጠገባቸው አልነበረም። የመቅጃውን ቁልፍ ሲጫኑት ይሰማል። ከመስኮቱ ውጭ ወፎች ይሰማሉ። ስለዚያ ዘመን ብዙ ተጽፏል፤ ብዙም አንብቤያለሁ። ሰው በገዛ ቤቱ ተቀምጦ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲያዝን እንዴት እንደሚሰማ የገባኝ ግን ከዚያ ካሴት ነው። ያ ቅጂ ስቱዲዮ ውስጥ ቢሠራ ኖሮ ያ ክፍል አብሮ አይመጣም ነበር።

ያንቺም እንዲሁ ነው። ስለ እድሩ ድንኳን የዘፈንሽውን ስሚልኝ፤

«ድንኳኑስ አለልን፣ ተጠቅልሎ ቆሞ፣
ተካይ ነው ያጣነው፣ ያ ገላን፣ ይህ ጀሞ።»

ሁለተኛውን መስመር ስትይ ከላይኛው ፎቅ ሰው ቡና ይወቅጣል። ትሰሚዋለሽ አይደል? ዱም፣ ዱም፣ ዱም። ከማሲንቆው ጋር አይገጥምም። ግን ጎረቤት ስለማጣት እየዘፈንሽ ጎረቤት ከራስሽ በላይ ይወቅጣል። የማታውቂው ጎረቤት። ያንን ምት በገንዘብ የሚያመጣልሽ አቀናባሪ የለም። ባለስቱዲዮው «ኖይዝ» ብሎ ያጠፋዋል። እኔ ግን እዚያ ቦታ ላይ ታክሲ ውስጥ ዓይኔ እንባ አዝሎ ወረድኩ።

የራሴን ልንገርሽ። ኪቦርድ ተጫዋች ነበርኩ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሦስት ሆነን ጓደኛችን ሳሎን ውስጥ ስድስት ዘፈን ቀረጽን። መቅጃችን አንድ ካሴት ዴክ ነበር። ያኔ ከጦርነት ተመልሰው መንገድ ላይ ስለተቀመጡ ወታደሮች አንድ ዘፈን ነበረን። ካሴቱን ይዘን ወደ አንድ ሙዚቃ ቤት ሄድን። ሰውየው «በስቱዲዮ እንደገና ይሠራ፣ የወታደሮቹ ይውጣ» አለን። እሺ አልን። ሠራነው፤ ጠራ። ነገር ግን ሳሎኑ ውስጥ የነበረው ነገር አብሮን አልመጣም። ዘፋኛችን በባዶ ስቱዲዮ ሰዓት እየቆጠረ ነበር የዘፈነው፤ በሰዓት ነው የምንከፍለው። ለሥራው አንድ ጊዜ የተወሰነ ብር ተሰጠን፤ ፈርመን ወጣን። የምን ወረቀት እንደፈረምን አላነበብንም። የሳሎኑ ካሴት ደግሞ በኋላ ሠርግ ተቀዳበት። የወታደሮቹ ዘፈን ዛሬ የትም የለም። ግጥሙንም ግማሹን ረስቼዋለሁ። እኔ አሁን ስድሳ አልፌያለሁ፤ ከሙዚቃ ሕይወቴ የሚቆጨኝ ይኼ ነው። ስለዚህ ባለስቱዲዮው የሚልሽን ስሰማ ያንን ሰውዬ የሰማሁ መሰለኝ። ፍርዴ ከዚህ ቁስል የተነሳ መሆኑንም እወቂልኝ።

እንዲህ ስል ሁሉም ነገር ይቅር ማለቴ አይደለም። የቤት ድምፅ ሌላ ነው፤ ስህተት ሌላ። የሚስተካከል ነገር አለ።

አንደኛ፣ በድንኳኑ ዘፈን ሥር ያለማቋረጥ «እ…ም» የሚል ነገር አለ። የመብራት ነው። ላፕቶፑ ቻርጀር ላይ ተሰክቶ ስትቀርጪ የሚመጣ ነው። ባትሪውን ሙይና ቻርጀሩን ንቀይው። መብራት በሚጠፋበት ሰዓት የቀረጽሽው ቁራጭ ይኖርሻል፤ ከእሱ ጋር አስተያዪው፤ ልዩነቱ ይገባሻል።

ሁለተኛ፣ ድምፅሽ ከፍ ሲል ይሰነጠቃል። የተሰነጠቀ ድምፅ በኋላ አይጠገንም። እነዚያን ስንኞች ብቻ ድገሚያቸው። ስትዘፍኝ ከፍተኛው ጩኸትሽ ከዜሮ በታች ከ6 እስከ 12 ዴሲቤል ላይ እንዲቀር ማይኩን ቀንሺው። ዝቅ ብሎ የተቀዳን ማሳደግ ይቻላል። ከማይኩ አንድ ስንዝር ያህል ራቂ። ፊት ለፊት አትቁሚ፤ ትንሽ ወደ ጎን ሁኚ። አማርኛ የሚፈነዱ ፊደላት አሉት። ጠ፣ ቀ፣ ጨ፣ ጰ ሲወጡ ማይኩን እንደ ጥፊ ይመቱታል። ለፈረንጅ ዘፈን የተዘጋጀው የኮምፕረሰር (ከፍ ያለውን ድምፅ እየተጫነ የሚያመጣጥነው መሣሪያ) ቅንብር እነዚህን ፊደላት ይደፈጥጣቸዋል። «ጠፋ» ስትይ «ተፋ» የሚመስልበት ቦታ አግኝቻለሁ። ኮምፕረሰሩን ለቀቅ አድርጊው፤ ፊደሉ ፈንድቶ እስኪያልፍ ጊዜ ይስጠው።

ይሄ የቴክኒክ ጉዳይ ብቻ አይምሰልሽ። ያንቺ ግጥም ሰምና ወርቅ አለው። የአማርኛ ወርቅ ደግሞ ብዙ ጊዜ የተደበቀው በላላና በጠበቀ ፊደል መካከል ነው። «አለ» ሲላላ ተናገረ ነው፤ ሲጠብቅ ይገኛል ነው። «ገና» ሲላላ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው፤ ሲጠብቅ በዓል ነው። ድምፅሽ ላይ የደረብሽው ማስተጋቢያ ይህን ሁሉ አጥቦታል። የድንኳኑ ዘፈን ውስጥ ስለ ኪራይ ስታነሺ «ባለቤቱ አለ» ያልሽው ቦታ ላይ አከራዩ ተናገረ ይሁን አከራዩ አለ ይሁን ሁለት ጊዜ ሰምቼ አልለየሁትም። ሁለቱንም እንድሰማ ፈልገሽ ከሆነ ድንቅ ነው። ግን መጀመሪያ ቃሉ ጥርት ብሎ ይድረሰኝ። ቃል ካልተሰማ ወርቁም አይገኝም።

ኦቶ ቲዩኑን፣ ያንን ድምፅ አቃኚ መሣሪያ፣ ከማሲንቆው ዘፈን ላይ አጥፊው። ዜማሽ በአንቺ ሆዬ ቅኝት ነው። የአንቺ ሆዬ ድምፆች በፒያኖ ቁልፎች መካከል የሚንሸራተቱበት ቦታ አላቸው፤ ማሲንቆውም እየተንሸራተተ ይጠራሻል። መሣሪያው ደግሞ አንቺን ወደ ቅርቡ ቁልፍ ይጎትትሻል። ማሲንቆው አንድ መንገድ፣ አንቺ ሌላ መንገድ። ልጁ በጣም ደህና ተጫዋች ነው፤ እሱን ተከተይ።

ቤዙን ታክሲ ውስጥ እንጂ ስልክ ላይ አላገኘሁትም። የስልክ ስፒከር ወፍራሙን ድምፅ አያወጣም። ቤዙ ላይ ትንሽ ሻከር ያለ ነገር ጨምሪበት፤ ያኔ በስልክም ይታወቃል። ገንዘብ ካለሽ ደግሞ ለእንደገና ቀረጻ አታውጪው። አንድ ጥሩ ሚክስ የሚያደርግ፣ የተቀረጹትን ድምፆች የሚያመጣጥን ሰው ያዥና ለእሱ ክፈይ። ከመጀመርሽ በፊት ግን ቡናው እንዳይነካ ንገሪው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ዘፈን። ስለ ጦርነቱ የዘፈንሽው። ባለስቱዲዮው አውጪ ያለው አንዱ ይሄ ነው መሰለኝ። እኔ አውጪው አልልም። አንድ ቃል ግን ቀይሪ። አዝማቹ ላይ «እነሱ» ትያለሽ። «እነሱ ጀመሩት፣ እነሱ ጨረሱን» ትያለሽ። እነሱ እነማን ናቸው? ለአንቺ ግልጽ ሊሆን ይችላል። ሥልጣን ላይ ያሉትን፣ ጦር የመዘዙትን ማለትሽ ይሆናል። ሰሚው ግን ባዶውን ቦታ በራሱ ሰው ይሞላዋል። ጎንደር ያለው አንድ ሰው ይሞላበታል። መቀሌ ያለው ሌላ ሰው። ነቀምት ያለው ሌላ። ብዙ ጊዜ ደግሞ የሚሞላው በጎረቤቱ ብሔር ነው። በእነዚህ ዓመታት «እነሱ» የሚለው ቃል ስንት ነገር እንዳደረገ አይተናል። ስለዚህ ሰውን ትተሽ ድርጊቱን ጥሪ። ያቃጠለው፣ ያስራበው፣ ልጁን የላከው፣ ዝም ያለው በይ። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ባዶ ጎተራ ስለምትጠርገው ሴትዮ ብለሻል። እዚያ ማንም «እነሱ» የለም፤ እዚያ ነው ጦርነቱን ያየሁት። አዝማችሽን ከእሷ ጎተራ አውጪው።

እናትሽን እናንሳ። እናትሽ ስለ ነገሩ የሚያውቁት ከሁላችንም የበለጠ ነው። በ1969 እና በ1970 ልጅ ነበሩ፤ ያዩትን አይተዋል። ስለዚህ «ዘመኑ ተቀይሯል፣ ምንም አይመጣም» ብለሽ አታጽናኛቸው። የማታውቂውን ተስፋ አትስጪያቸው። ዘፈን በዚህ አገር ቀላል ነገር ሆኖ አያውቅም። የካቲት 12 ቀን 1929 በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ እንዲያዙና እንዲገደሉ ትእዛዝ ከወጣባቸው መካከል እየዞሩ የሚዘፍኑ አዝማሪዎችና ጠንቋዮች ይገኙበታል። የአዝማሪዎቹ መሣሪያ ማሲንቆ ነበር። ወራሪው ግን ወሬ በዜማ እንደሚዞር ገብቶታል።

በሌላ በኩል ደግሞ የደፈረ ሰው ባይኖር የምንሰማው ነገር አይኖርም ነበር። በ1961 አምሃ እሸቴ በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ ያለ ወጣት ነበር። ሸክላ የማሳተም መብት ለአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። እሱ ግን ሳይጠይቅ በራሱ ስም የዓለማየሁ እሸቴን ሸክላ አሳተመ። እስር ሊመጣበት ይችል ነበር፤ አልመጣበትም። እስከ 1967 ድረስ ከመቶ በላይ ነጠላ ሸክላ አወጣ። ዛሬ «ወርቃማው ዘመን» የምንለው ሙዚቃ ብዙው በዚህ ሰው እጅ ያለፈ ነው። አምሃን ያነሳሁት ጀግና ሁኚ ለማለት አይደለም። ከሁሉም በፊት ምን እንደሚደርስበት አስቦ፣ ቆጥሮ እንደገባበት ስለማምን ነው። አንቺም ቆጥረሽ ግቢ።

ለመቁጠር የሚረዳሽን ልንገርሽ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ሐሳብን በሥነ ጥበብ መልክ መግለጽን በግልጽ ያነሳል። የጥላቻ ንግግር አዋጁ፣ ቁጥር 1185/2012፣ የኪነ ጥበብ ሥራን ነጻ ከሚያደርጋቸው መካከል አስቀምጦታል። ያው አዋጅ ግን ሰውን በብሔሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በዘሩ፣ በጾታው ወይም በአካል ጉዳቱ ለይቶ ጥላቻን የሚያነሳሳን ይቀጣል። የ«እነሱ»ን ነገር አጥብቄ የያዝኩት ለሕጉም ለሕሊናም ነው። ወረቀት ላይ ያለ መብት ሁሉ ቀበሌ ላይ እንደማይገኝ ደግሞ አንቺም ታውቂያለሽ። መምህርት ነሽ። ሥራሽን ብታጪ ስንት ወር መቆየት ትችያለሽ? የቤት ኪራዩን ማን ይከፍላል? ችግር ቢመጣ የምትደውይለት ጠበቃ ወይም ዘመድ አለሽ? ይህን ሁሉ ከእናትሽ ጋር ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩበት። ፍርሃታቸውን ለብቻቸው አትተይባቸው።

የሌላ ስም ነገር ብዙ አያስኬድም። ድምፅሽን ተማሪዎችሽ ያውቁታል። የሰፈሩ ሰው በድንኳኑ ዘፈን ያውቅሻል። ስም መቀየር የሚወዱ ዘፋኞች ሞልተዋል፤ ለውበት ከሆነ ቀይሪው። መደበቂያ ነው ብለሽ ግን አትመኚበት።

ወደ ሦስተኛው ዘፈን መጣሁ። የእህትሽ ዘፈን።

እውነቱን ንገሩኝ ብለሻልና እውነቱን ልንገርሽ። ከላክሽልኝ ሁሉ የሚበልጠው ይሄ ነው። ኪቦርዱን ዝም አስብለሽ የእህትሽን የድምፅ መልእክት ብቻዋን ስትለቂያት ወጥ ቤት ውስጥ የያዝኩትን ቢላዋ አስቀምጬ ቆምኩ። ሹክ ብላ ነው የምትናገረው። ሰው እንዳይሰማት። ስለ ማዳሟ የምትለውን እዚህ አልደግመውም። የልጆቹን ስም ትጠራለች። የሰፈሩን ስም ትጠራለች። በደብዳቤሽ ላይ ያለችበትን አገርና ከተማ ጽፈሽልኝ ነበር፤ እኔ ሳወጣው ያስቀረሁት ለዚህ ነው።

እህትሽ ይህን ዘፈን ሰምታዋለች? በደብዳቤሽ ውስጥ ፈልጌ አጣሁት። እናትሽ እንደሰሙ ጽፈሻል። ጓደኞችሽ እንደሰሙ፣ ባለስቱዲዮው እንደሰማ፣ እኔም ሰማሁ። እሷስ?

አረብ አገር ያለ የቤት ሠራተኛ እንዴት እንደሚኖር አታጪውም፤ ግን አስቢበት። በብዙ የባሕረ ሰላጤው አገሮችም በሊባኖስም የመኖሪያ ፈቃዷ በአሠሪዋ እጅ የተንጠለጠለ ነው። ከፋላ የሚሉት ነው። ቤቱን ጥላ ከወጣች «ጠፋች» ተብላ ሕገ ወጥ ልትሆን ትችላለች። ሳዑዲ እ.ኤ.አ. በ2021 ሥርዓቱን አሻሻልኩ ስትል እንኳ የቤት ሠራተኞችን አላካተተችም። ፓስፖርት የሚያዝባቸው ስንቶች ናቸው። ያ የድምፅ መልእክት አማርኛ በሚሰማ ጎረቤት፣ በደላላ፣ በኤጀንሲ ሰው ስልክ ላይ ለመድረስ አንድ ሳምንት አይፈጅበትም። ዘፈኑ ደግሞ ጥሩ ስለሆነ ይዞራል። የሚዞር ነገር ደግሞ ማዳሟ ቤት ይደርሳል። ያኔ በሩ የሚቆለፈው በእሷ ላይ ነው። አንቺ ጀሞ ነሽ።

ክፋት አለብሽ አላልኩም። እህትሽን ስለምትወጂ ነው የዘፈንሽው። ከድምፅሽ ያስታውቃል። ነገር ግን የሰው መከራ ላይ ተቁሞ የሚዘፈን ዘፈን ሁሉ፣ መንግሥትን ከመጠየቁ በፊት ባለመከራውን መጠየቅ አለበት። ይህን ሳያደርግ የቀረ ዘፈን፣ ስለ ፍትሕ ቢዘፍንም፣ የሰውን ነገር ሳያስፈቅድ ወስዷል። ለእኔ ከባለስቱዲዮው ጥያቄ ሁሉ ይሄ ይበልጣል።

ጠይቂያት። አጠያየቁም አለው። «ዘፈን ላይ ላስገባሽ?» ብቻ ብትያት ደስ ብሏት እሺ ትልሻለች፤ ታላቅ እህቷ ነሽ። ማን ሊሰማው እንደሚችል ንገሪያት። ማዳሟን ጥሪላት፣ ኤጀንሲውን ጥሪላት። እምቢ ብትል እንደማይከፋሽ ንገሪያት፤ ከልብሽም አይክፋሽ። አሁን እሺ ብላ በኋላ ልቧ ቢቀየር እንደምታወርጂው ንገሪያት፤ አንዴ የወጣ ነገር ሙሉ በሙሉ እንደማይሰበሰብም አትደብቂያት። እሺ ብትል እንኳ የልጆቹና የሰፈሩ ስም ይውጣ። እምቢ ብትል ዘፈኑ አይሞትም። ቃሏን በራስሽ ድምፅ ልትይው ትችያለሽ፣ እሷን የሚያሳውቀውን ቀይረሽ። ወይም ለአገሯ እስክትበቃ ዘፈኑን ታቆዪዋለሽ። ስምንት ዘፈንም አልበም ነው።

ደግሞ በዚያ መልእክት ውስጥ የነገረችሽ ችግር ከዘፈን በፊት የሚቀድም ነው። በሕጋዊ መንገድ ሄዳ ከሆነ የውሏን ቅጂ ፈልጊ። ኤጀንሲውን በአካል ሄደሽ ጠይቂ። እዚያ ያለውን ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ስልክ በእጇ እንዲኖር አድርጊ። የላከችልሽን መልእክቶች ቀናቸውን እየጻፍሽ አስቀምጪ፤ ለዘፈን ሳይሆን ማስረጃ ሊሆኑ ስለሚችሉ።

ስለ ወረቀት በአጭሩ። የማሲንቆው ልጅ ተከፍሎታል? ካልተከፈለው ከሚገኘው ስንት እንደሚደርሰው ዛሬውኑ በአንድ ገጽ ጻፉና ተፈራረሙ። ወዳጅነት ሲበላሽ ያየሁት በብዙ ገንዘብ አይደለም፤ ባልተጻፈ ትንሽ ገንዘብ ነው። ከዩቲዩብ ያወረድሽው ቢት ካለ ባለቤቱ ለምን ያህል እንደፈቀደ አንብቢ፤ «ነጻ» የሚባለው ብዙ ጊዜ ለመለማመጃ ብቻ ነው። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራሽ ሳይመዘገብም ይጠበቃል። ቢሆንም ግጥሙን፣ ቀኑ ያለበትን የመጀመሪያ ፋይል፣ ሙሉ ቅጂውን ሦስት ቦታ አስቀምጪ። አንዱ ከቤትሽ ውጭ ይሁን። የኛ ካሴት ላይ ሠርግ እንደተቀዳበት ነግሬሻለሁ።

ስፖንሰሩን እርሺው። ዘፈን አውጪ ብሎ የሚጀምር ሰው ሽፋኑን ቀይሪ፣ ስንኙን ቀይሪ ይላል። ያኔ ደግሞ ገንዘቡን ስለተቀበልሽ እምቢ ማለት ይከብድሻል።

ዩቲዩብ ላይ ከመልቀቅሽ በፊት አንድ ነገር አድርጊልኝ። እድራችሁ አሁንም በወር አንዴ ይሰበሰባል ብለሻል፤ ከገላንም ከጀሞም እየመጡ። አንድ ስፒከር ይዘሽ ሂጂና የድንኳኑን ዘፈን አሰሚያቸው። ዘፈኑ ስለ እነሱ ነው፤ መጀመሪያ መስማት ያለባቸው እነሱ ናቸው። ስህተት ካለው ያርሙሻል። ድንኳኑን ማን ይተክል እንደነበር፣ ገመዱን ማን ይይዝ እንደነበር ያስታውሱሻል። አንድ ስንኝ ልታገኚም ትችያለሽ።

እናትሽ ግን ከእነሱም ይቅደሙ። በስልክ አታሰሚያቸው። ቡና ሲፈላ፣ ከፊታቸው ተቀምጠሽ፣ ዘጠኙንም አሰሚያቸው። በድንኳኑ ዘፈን መጨረሻ ላይ፣ ማሲንቆው ካቆመ በኋላ፣ ከሩቅ የእሳቸው ድምፅ አለ። «ነይ፣ ቡናው ደርሷል» ይላሉ። ሳታውቂው የገባ ይመስለኛል። እሱንም ጠይቂያቸው። ይቁረጥ ካሉሽ ቁረጪው።

እህትሽ የምትደውለው እሑድ ማታ ነው ብለሻል። ይህ ዓምድ ቅዳሜ ይወጣል።